የእብድ ሐኪም አሉኝ
እኔ የምለው፣ እናንተ ሰፈር የትምህርት ቤት ሥነ ልቦና ባለሙያ ምን ይሠራል ይላሉ? እኛ ጋ፣ ፀዳ አካባቢ፣ እንኳን ተማሪው መምህሩም በቅጡ አያውቅም። መምህር ሲቀር ክፍል ጠብቂ እባላለሁ። እንግዳ ሲመጣ ሻይ አስመጪ እባላለሁ። ልጅ ሲረብሽ ደግሞ «ወስደሽ አስፈራሪልኝ»። እንዴ! ጅብ ነኝ እንዴ እኔ? ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ማስፈራራት ልማር ነው?

አስረድቻለሁ እኮ! ስብሰባ ላይ ቆሜ፣ ሥራዬ ልጆቹን ማዳመጥ፣ የከበዳቸውንም ነገር ከመምህርና ከወላጅ ጋር ሆኖ ማቃለል ነው ብዬ ተናግሬያለሁ። አጨበጨቡልኝ። ወዲያው የሒሳቡ መምህር አስናቀ ጎኔ መጥቶ «ታዲያ ስታወሪ ነው የምትውይው በይኛ!» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም እንደ ሞኝ አብሬ ሳቅኩ።

ባንቻምላክ የምትባል የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ከኮሶዬ መጥታ አክስቷ ዘንድ ሆና ነው የምትማረው። ጎበዝ ነበረች አሉ። በኋላ ግን ክፍል ውስጥ ቃል አልተነፍስ አለች። ጠሯት፣ ዝም። ሰሌዳ ላይ አወጧት፣ ዝም። መምህር አስናቀ እጇን ይዞ ቢሮዬ አመጣትና «ንቃኛለች፤ ተቆጪልኝ!» ብሎኝ ሄደ።

አልተቆጣኋትም። እኔም ዝም ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንዲህ እየተመላለሰች ሰነበተችና አንድ ቀን ድንገት «እማዬ ስትሞት እኔ ፈተና ላይ ነበርኩ። ከተቀበረች በኋላ ነው የነገሩኝ» አለች። ከዚያ አለቀሰች፣ አለቀሰች። በቃ፣ ይኸው ነው። ያን ሁሉ ጊዜ አንድም ሰው «ምነው ልጄ?» ብሎ አልጠየቃትም። ይኼ አያናድድም?

ገና መናገር ስትጀምርልኝ፣ መምህር አስናቀ ለአክስቷ ደውሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ልጅቷ አእምሮዋ ተነክቷል፤ የእብድ ሐኪም እያያት ነው»። የእብድ ሐኪሟ እንግዲህ እኔ መሆኔ ነው!

አክስቷ ለአባቷ ነገረች፤ በማግስቱ አባትየው ቢሮዬ ከች አሉ። የገጠር ቄስ ናቸው፤ ጥምጣማቸው አቧራ ለብሷል። መስቀል ልሳለም ብጠጋ እንኳ አላዩኝም።

«ልጄን ጠበል ልወስዳት ነው። ትምህርቱም ይቅርባት» አሉ።

ባንቻምላክ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ቃሏ እንደገና ጠፍቷል።

«አባ፣ ጠበል ይውሰዷት፤ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ልጅዎ አላበደችም። እናቷ ሞታባት ነው» አልኳቸው።

«ለኔስ ሚስቴ አይደለችም?» ጮኹብኝ። «እኔ መች ዝም አልኩ?»

«ስለ እናቷ ከሷ ጋር አውርተው ያውቃሉ?»

ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። ከዚያ የተናገረችው ልጅቷ ናት።

«አባዬ፣ ምነው ሳልቀብራት?»

«እናትሽ ራሷ ናት የከለከለችኝ» አሉ። «ፈተናዋን ትጨርስ፣ አትንገሯት አለች። ስምሽን እየጠራች ነው ያረፈችው።»

አባትና ልጅ ተቃቅፈው ሲላቀሱ እኔ ቀስ ብዬ ወጣሁላቸው። የዚያን ዕለት ቄሱ ብቻቸውን ወደ ኮሶዬ ተመለሱ። ሲሄዱ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝ። ሰንብቶ ባንቻምላክ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ እጇን አወጣች አሉ።

እንግዲህ መምህር አስናቀ ይቅርታ የጠየቀኝ መስሏችኋል? ወይ ይቅርታ! የክፍሉን ወሬኛ በሙሉ፣ ከኋላ ወንበር እየለቀመ፣ እየነዳ ቢሮዬ አመጣልኝ።

«ያችን ዝምተኛ አናግረሻት የለ? እነዚህን ደግሞ ዝም አሰኚልኝ!» ብሎኝ እብስ አለ።

ደሜ ፈላ። ልጆቹ ተደርድረው ቁጣዬን ይጠባበቃሉ። እኔ ግን «ተቀመጡ፤ እንደ ልባችሁ አውሩ» አልኳቸው።

ግራ ተጋብተው ተያዩ። «ስለ ምን እናውራ?» አለችኝ አንዷ።

«ስለ ሒሳብ መምህራችሁ» አልኳት።

እስካሁን አልጨረሱም።