የማርካ ለቅሶ

ገንዘብ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ይረክሳል፤ ይህን ሁላችንም ከኪሳችን ተምረነዋል። ይሞታል ብትሉኝ ግን አላምናችሁም ነበር። እርግጥ በእኛም አገር ጠገራው ሄዷል፣ ሊሬው ሄዷል፣ ንጉሡ ያሉበት ብርም በደርግ ብር ተተክቷል። ሽኝቱ ግን ባንክ በር ላይ መጋፋት ነበር እንጂ ነጠላ አዘቅዝቆ ማልቀስ አልነበረም። እኔ ግን ለገንዘብ ለቅሶ ተቀምጬ አውቃለሁ። መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ፣ በ1994 ዓ.ም. የካቲት ሲያልቅ።

ያኔ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ የመጣሁ መምህር ነበርኩ። የኣደይ ዝማም ግቢ ተከራዮች ሦስት ነን፦ እኔ፣ ከወሎ የመጣው ጨርቅ ነጋዴ ሰይድ፣ እና ዩሃ የሚባል የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ፊንላንዳዊ። ዩሃ ማለት በአገሩ ዮሐንስ ማለት መሆኑን ከሰሙ ወዲህ ኣደይ ዝማም «ዮሓንስ ወደይ» እያሉ እንደ ልጃቸው ይዘውታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እህቱ በኣደይ ስልክ ደወለችለት። አውርቶ ዘጋና ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ምን ሆንክ ወደይ?» አሉት።

ዩሃ ከቁፋሮ ሠራተኞች በለቃቀማት አማርኛ «ማርካ ሞተች» አለ።

ከዚያ ወዲያ ማን ጠይቆ! ኣደይ ደረታቸውን መቱ። አግዳሚው ግቢ ውስጥ ተደረደረ፤ ጎረቤቱ ሕምባሻና ሻይ በፔርሙዝ ይዞ ገባ፤ ሰይድም ሱቁን ዘግቶ መጣና «አላህ ሶብሩን ይስጥህ ወንድሜ» አለው። ዩሃ ግራ እየገባው አመሰገነ። ምን ያድርግ? እናንተስ ብትሆኑ?

ኣደይ ጠጋ ብለው «ኣንታ መምህር፣ ዕድሜዋ ስንት ነበር? ጠይቀው» አሉኝ።

በእንግሊዝኛ ጠየቅኩት። «መቶ አርባ ዓመት ያህል» አለ።

«ጠግባ ነዋ!» አለች አንዲት ጎረቤት።

«ምን አሟት ነበር?»

«ብዙ ጊዜ ትወድቅ ነበር» አለ ዩሃ ራሱ።

«የሚጥል በሽታ!» ብለው ኣደይ አማተቡ።

እኔ ግን ነገሩ አልጥም ብሎኝ አጥብቄ ጠየቅኩት። ማርካ የፊንላንድ ገንዘብ ናት፤ በዩሮ ተተክታ ከዚያን ዕለት በኋላ ገበያ አትወጣም። ስተረጉምላቸው አንዳንዶቹ በነጠላቸው ተሸፍነው ሳቁ። ኣደይ አልሳቁም።

«ይሄ ልጅ ስስታም አይደለም» አሉ። «ለገንዘብ ብሎ አያለቅስም። ጠይቀው።»

ዩሃም ነገረን። ማርካ በሩሲያ ንጉሥ ዘመን ተወልዳ ነፃነትንም ጦርነትንም አይታለች፤ አንድ ጊዜም ሁለት ዜሮ ተቆርጦላታል። የእንጨትና የወረቀት ንግዱ ሲቀዘቅዝ መንግሥት ዋጋዋን ዝቅ ያደርጋል፤ ዕቃቸው ለውጭ ገዢ ይረክስና ፋብሪካው ይነቃቃል። መውደቋ ለብዙ ሰው እንጀራ ነበር። ለአባቱ ግን አልሆነም። አባቱ ጀልባ ሠሪ ነበሩ። ወለዱ ቀላል ነው ተብለው፣ መሥሪያቸውን ለማስፋት በጀርመን ገንዘብ ተበደሩ። ከአሥር ዓመት በፊት ማርካ ስትወድቅ ብድሩ በተኙበት አበጠ። መሥሪያው ተሸጠ። ሰውየው ከሰው ጋር መነጋገር ተዉ፤ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

«ቀብሩ በአንድ ከሰዓት አለቀ» አለ ዩሃ። «ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ አላለቀስኩም፤ ማርካን መጥላት ይበቃኝ ነበር። ሞተች ሲሉኝ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር...»

ሰይድ አንገቱን ደፋ። ከድንበር ማዶ አዲስ ገንዘብ ወጥቶ ንግዱ ሲቋረጥ እሱም የከሰረ ሰው ነው።

«የኣባቱ ስም ማን ነው?» አሉ ኣደይ።

«ኤይኖ።»

ሊሄድ የተነሣውን ሁሉ በእጃቸው አስቀመጡት። «ዋይ ኤይኖ! ዋይ ጀልባ ሠሪው!» ብለው ሲጀምሩ፣ ያ ግንድ የሚያክል ሰውዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ባሕር አይተን የማናውቅ ሰዎች ለጀልባ ሠሪ አለቀስን።

በማግሥቱ ጧት የዩሃ መሥሪያ ቤት ሾፌር በር ላይ ክላክስ አደረገ። ኣደይ ወጡ።

«ዛሬ ሥራ አይገባም። ኣባቱ ሞተዋል።»

«ኧረ! መቼ?»

«ትናንት።»

እኔም አላስችል አለኝና «ኣደይ፣ ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል እኮ» አልኩ።

ዞረው አዩኝ። «ይሁና። ያለቀሰላቸው ግን ትናንት ነው።»

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ቆቡን አውልቆ ወደ ውስጥ ገባ።