የክቡር ጋሽ ንጉሰ “ከዛስ?”

ሐበሻ በተሰበሰበበት ከተማ ሁሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ግን ለሰው ልጅ ሁሉ ማስተርስ የሚያድል አንድ ሰው አይጠፋም። ማንም አልሾመውም፣ ደመወዝም የለውም። ዲግሪህን ይዘህ ከአዳራሹ ስትወጣ ግን ከእናትህ ቀድሞ በር ላይ የሚጠብቅህ እሱ ነው። የእኛ የካምፓላዎቹ ሰው ክቡር ጋሽ ንጉሰ ይባላሉ። ንቲንዳ የሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት አላቸው። ትምህርታቸው ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ በዚህም አያፍሩም። “እናንተ የተማራችሁትን ነው የምታውቁት፤ እኔ ግን የቀረብኝን በሙሉ አውቀዋለሁ” ይላሉ።

መሣሪያቸው አንዲት ጥያቄ ናት። “ጎሽ! ከዛስ?” ለትግርኛ ተናጋሪው “ካብኡኸ?”፣ ለአገሬው ሰው ደግሞ “ኤንድ ዜን?” ትሆናለች። ተመረቅኩ ስትላቸው ትከሻህን መታ መታ ያደርጉህና፣ ደስታህ ሳይበርድ ጥያቄዋን ይለቁብሃል። “ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው” ያለ ሰው ወዮለት። አካውንቲንግ የጨረሰው ዳግማዊ ይህን ስህተት ሠርቶ፣ ክትፎ ባዘዘ ቁጥር ሽሮ እየቀረበለት ስምንት ወር ኖሯል። “ክትፎ ለደከመው ሰው ነው። አንተ እያረፍክ አይደል?” ይሉታል። በዘጠነኛው ወር ለሙያ ፈተና ተመዘገበ፤ ክትፎው በዚያው ቀን መጣ።

የመቅዲ ሰርግ ላይ የሆነውንማ ያላየ የለም። ሰው “እንኳን ደስ አላችሁ” ሊል ተሰልፏል፤ ክቡርነታቸው የሙሽራዋን እጅ ይዘው አልለቅም አሉ። “ነርሲንጉን ጨረስሽ፣ ጎሽ። አገባሽ፣ ጎሽ። ከዛስ?” ሰልፉ ግቢው በር ደረሰ። ፎቶ አንሺው ተስፋ ቆርጦ ካሜራውን አስቀመጠ። መቅዲ “እሺ ጋሼ፣ እቀጥላለሁ፣ አዋላጅነት እማራለሁ” ብላ ከማለች በኋላ ነው ሙሽራው ሚስቱን ያገኘው። ተማረችም። ዛሬ ግማሹ የሰፈራችን ሕፃን በእሷ እጅ የተወለደ ነው።

ምግብ ቤቱ ውስጥ አንድ የተከበረ ግድግዳ አለ። እዚህ የተመረቀ የሐበሻ ልጅ በጋዋን የተነሳውን ፎቶ ለጋሽ ንጉሰ ይወስዳል፤ ሥርዓት ነው። የሚሰቀለው ግን ለ“ከዛስ?” እሳቸውን የሚያጠግብ መልስ ሲገኝ ብቻ ነው። እስከዚያ መሳቢያ ውስጥ፣ ከናፕኪንና ከስቴኪኒ ጋር ይተኛል። እናቶች ሂሳብ ከፍለው ሲወጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “የልጄ ገና ነው እንዴ?” ብለው ሲጠይቁ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።

ባለፈው ዓመት ተራው የእኔ ቤት ሆነ። ልጄ ቤርሳቤህ በሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመረቀች። ጀርመን አገር ያለ ዩኒቨርሲቲም ለማስተርስ ተቀብሏታል፤ መምጣት አለመምጣቷን እስከ ወሩ መጨረሻ ማሳወቅ ነበረባት። እኔ በሐሳቤ ሻንጣዋን ሸክፌ ጨርሻለሁ። ፎቶዋን ይዘን ንቲንዳ ሄድን።

“ጎሽ! ከዛስ?” አሉ ጋሽ ንጉሰ፣ መዶሻቸውን ከወዲሁ አውጥተው።

“ጋራዥ ገብቻለሁ ጋሼ። ሜንጎ፣ የኤሌክትሪክ ቦዳ የሚጠገንበት።”

ሜንጎ የከተማችን ሌላ ሰፈር ነው፤ ቦዳ ደግሞ እዚህ አገር ሰው የሚያመላልሰው ሞተር ሳይክል። ጋሽ ንጉሰ መዶሻውን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

“ለእረፍት ነው?”

“ለሥራ ነው። ቦዳው ሁሉ ወደ ባትሪ እየዞረ ነው፤ በደንብ የሚጠግነው ሰው ግን የለም። ሞተሩ የእኛን ዳገት ሲወጣ ይቃጠላል። ይሄን ማስተካከል እፈልጋለሁ። ጀርመን ሄጄ ይሄን ዳገት ከየት አመጣዋለሁ?”

“አራት ዓመት ተምረሽ ጎማ ልትነፊ?”

“ጎማ የሚነፋ ሌላ ሰው አለ፤ እርስዎ አይጨነቁ።”

ክቡርነታቸው ወደ እኔ ዞሩ። “ግርማ፣ አንተስ ምን ትላለህ?”

“እኔም እንደ እርስዎ ነው የማስበው” አልኩ፤ ልጄ እያየችኝ። ፎቶው መሳቢያ ገባ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ጭር አለ። ቤርሳቤህ በጠዋት ቱታዋን ለብሳ ትወጣለች፤ ስትመለስ ጥፍሯ ውስጥ ግሪስ አለ። እራት ላይ ጨው አቀብሉኝ ከማለት በቀር አናወራም። ቤተ ክርስቲያን “ልጅህ ምን ላይ ደረሰች?” ሲሉኝ “ኢንጂነር ናት” እልና ስለ ዝናቡ ማውራት እጀምራለሁ። እውነቱን ልናገር፤ አፍሬባት ነበር። ለእኔ ብላ ሐሳቧን ትቀይራለች ብዬ ጠበቅኩ። በዚያ ሰሞን ንቲንዳም እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ምግብ ቤቱ ጠዋት ጠዋት ዝግ ነው፤ ደንበኞች ጋሽ ንጉሰን ጉንፋን ይዟቸዋል አሉ።

የወሩ መጨረሻ መጣ፤ ቤርሳቤህ ለጀርመኖቹ “አልመጣም” ብላ ጻፈች። በነጋታው የምናገረውን በልቤ እየደረደርኩ፣ እጇን ይዤ ላወጣት ወደ ሜንጎ ሄድኩ።

ጋራዡ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። ባትሪዎች ተደርድረው ቻርጅ ከሚደረጉበት መደርደሪያ በላይ፣ ልጄ በጋዋን ተሰቅላ ትስቃለች። ያ የመሳቢያው ፎቶ ነው። ከሥሩ ደግሞ ራሷ ቤርሳቤህ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ የተፈታ ሞተር ፊት ቁጢጥ ብላለች። ሰባት የቦዳ ነጂዎች ሄልሜታቸውን አቅፈው ከበዋታል። አንዱ ሲጠይቃት ካቻቢቴውን እጁ ላይ አስቀመጠችለትና “ራስህ ፍታው፣ እኔ አያለሁ” አለችው። በዚህ ከተማ ሰባት ቦዳ ነጂ በአንድ ጊዜ ዝም ብሎ አይቼ አላውቅም። የደረደርኩት ንግግር ከየት እንደሚጀምር ጠፋኝ። ኮራሁ፤ አንገቴ ድረስ ኮራሁ።

ሰንቶንጎ የሚባለው ፎርማን መጣ። “ፎቶውን ማን ሰቀለው?” አልኩት በእንግሊዝኛ።

“አባቷ ናቸው። ባለ ባርኔጣው ሽማግሌ። መዶሻውንም ራሳቸው ይዘው መጡ።”

“አባቷ?”

“ሦስት ጠዋት እዚህ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ስትሠራ ሲያዩ ነበር። እኔንማ በጥያቄ ጨረሱኝ! ጥገናውን ከቻለች በኋላ፣ ኤንድ ዜን? ሌሎቹን ካስተማረች በኋላ፣ ኤንድ ዜን? መልስ ሳጣ አለቆቼን ሄጄ ጠየቅኩ፤ ለካ እነሱም አላሰቡበትም። ይኸው ከሰኞ ጀምሮ የነጂዎቹን የጥገና ሥልጠና በሙሉ ለእሷ ሰጧት።” ሳቀ። “የመጣውን ደንበኛ ሁሉ እያስቆሙ ‘ልጄ ናት’ ይሉታል። ለመሆኑ እርስዎስ ምኗ ነዎት?”

መቆጣት ነበረብኝ። አባትነቴን በጠራራ ፀሐይ ተነጥቄያለሁ። ግን እኔ ስለ ዝናብ ሳወራ በከረምኩበት ሰሞን፣ እኚህ ሰው ምግብ ቤታቸውን ዘግተው፣ በልጄ ሊኮሩ እዚህ ድረስ መጥተዋል። ማዕረጉ ለጊዜው ይገባቸዋል።

“አጎቷ ነኝ” አልኩትና አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።