ሞተር ውስጥ የቀረው ማተብ

መፍራትን ከስልክ የተማረ ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ እኔን ተመልከቱ። ሌላው ሰው አውሮፕላን ሲፈራ ከፍታውን ነው የሚፈራው፤ እኔ ግን ገና መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ያልበኛል። ጠዳ ላይ የውኃ ፓምፕ ስጠግን፣ ሥራ በቀዘቀዘ ቁጥር ስልኬን ከፍቼ የአውሮፕላን ሞተር ሲፈታና ሲገጠም አይ ነበር፤ አንዲት ብሎን ስትላላ ምን እንደሚከተል አንድ በአንድ አውቃለሁ። ማወቅ ያደፋፍራል የሚሏችሁ ሰዎች ብዙም አያውቁ።

እስቲ ላስረዳችሁ፤ ማስረዳት እወዳለሁ፣ ታገሡኝ። የትንሽ አውሮፕላን ሞተር የተወሰነ ሰዓት ከበረረ በኋላ ይፈተሻል። ዘይቱ ይወርዳል። የዘይት ማጣሪያው ተቀዶ ብልጭ የሚል የብረት ቅንጣት ይፈለግበታል፤ ከተገኘ፣ ሞተሩ ውስጥ ራሱን እየበላ ያለ ነገር አለ ማለት ነው። ካንዴላዎቹ ወጥተው ይጠረጋሉ። ፕሮፔለሩን፣ ያን አፍንጫው ላይ የሚሽከረከረውን ማለቴ ነው፣ ጠርዙን በጥፍራችሁ ትዳስሱታላችሁ። ጠጠር ተፈናጥሮ የጫረው ቦታ ጥፍርን ያዝ ያደርጋል። የጤፍ ፍሬ የምታክል ጭረት በሞረድ ካልተስተካከለች ውላ አድራ ስንጥቅ ትሆናለች። ሰማይ ላይ ደግሞ ዳር ይዞ መቆም የለም።

ይህን እውቀቴን ይዤ ነው አዘዞ የተቀጠርኩት፤ አንበጣ የምታስስ ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ያለችው ድርጅት ዘንድ፣ በረዳት መካኒክነት። ማስረጃ የለኝም፤ ምላስ ግን አለኝ። አለቃዬ ጋሽ ታደለ ዕድሜያቸውን ሙሉ ክንዳቸውን ሞተር ውስጥ ነክረው የኖሩ ሰው ናቸው። ግድግዳው ላይ ባለው ሰሌዳ የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርጽ በቀይ ቀለም ተስሏል፤ አንዲት ካቻቢቴ እንኳ ከቦታዋ ከታጣች በረራ የለም። ሞተር ከመንካት በፊት ደግሞ ቀለበት ይወልቃል፣ ሰዓት ይወልቃል፣ ሐብል ይወልቃል።

ስለ ማተብ እኔም አልጠየቅሁ፣ እሳቸውም አላነሡ። ማተብ ጌጥ ነው እንዴ? አባቴ ቀሐ ወንዝ አጠገብ የሚቀድሱ ቄስ ናቸው፤ "ለሞተር ብዬ ፈታሁት" ብላቸው ቤት የሚያስገቡኝ ይመስላችኋል? እናም አንገቴ ሥር ወሸቅ አድርጌው ሥራዬን ቀጠልኩ።

የዚያን ቀን ጧት ፍተሻው አለቀ። ኮፈኑ ተዘጋ፣ ብሎኑ ጠበቀ፣ መሣሪያው ሁሉ ሰሌዳው ላይ በየቅርጹ ተሰቀለ። አብራሪዋ ካፒቴን ሰላም ለሙከራ በረራ ገባች፤ ጋሽ ታደለም ከጎኗ ተቀመጡ። የእሳቸው ልማድ ነው፤ የፈተሸ ሰው አብሮ ይበራል። እኔ እጄን ወደ አንገቴ ሰደድኩ። ላብ ብቻ።

ማተቤ የለም።

ሰሌዳውን አየሁ፤ ሙሉ ነው። ሰሌዳው ላይ ማተብ አልተሳለም። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ዝም ካልኩ ሥራዬ ይተርፋል፤ ግን ክሩ ከነዳጅ መስጫው ዘንግ ላይ ተጠምጥሞ ከሆነ፣ ካፒቴን ሰላም ከተራራው በላይ ሆና እጀታውን ስትገፋ እምቢ ይላታል። ከተናገርኩ ደግሞ የጧት ሙሉ ሥራ ይፈርሳል፤ እኔም ወደ ውኃ ፓምፔ። ይህን ሳሰላ ሞተሩ ተነሣ።

በሚዞር ፕሮፔለር ፊት እንደማይሮጥ አውቃለሁ። በጎን በኩል ዞሬ፣ እየጮኽኩ፣ እጄን አንገቴ ላይ ወዲያና ወዲህ ጎተትኩ። ይህ በሙያው ቋንቋ "ሞተር አጥፉ" ማለት ነው፤ እኔ ግን ምልክት መስጠቴ ይሁን ማተቤን መፈለጌ እስካሁን አላውቀውም።

ሞተሩ ጠፋ። ጋሽ ታደለ ወረዱ።

"ምን ሆንህ?"

"ማተቤ ጋሼ... ውስጥ ሳይቀር አልቀረም።"

ዘበኛው አያ ፈንታ ከት ብለው ሳቁ። "ምነው ታዲያ? ሸጋ አይደል! መስቀል ያለበትን ሞተር ምን ይነካዋል? ተዉት ይብረር!"

"በሉ እርስዎ ይሳፈሩበታ፣ አያ ፈንታ!" አለች ካፒቴን ሰላም።

"እኔማ መሬቱ ይበቃኛል፤ ምን በወጣኝ!"

ኮፈኑ እንደገና ተከፈተ። ጋሽ ታደለ አልተቆጡም፤ ይሄ ከቁጣ ይብሳል። ባትሪ አብርተው እያንዳንዱን ቱቦ እያነሡ ፈለጉ። ከነዳጅ መስጫው ዘንግ አንድ ጣት በማይሞላ ርቀት፣ ከአንድ ቱቦ ጀርባ፣ በፒንሳ አንድ ነገር ሳብ አደረጉ።

"ይኸው!" ብዬ ጮኽኩ። ቀረብ ብዬ ሳየው ግን የእኔ አይደለም። የእኔ ነጭ ክርና የእንጨት መስቀል ነው። ይህ ጥቁር ሐር ነው፤ ዘይት ጠጥቶ ደርቆ ቁርጥ ሽቦ መስሏል። ጫፉ ላይ ጎኑ የተሸረፈ የብር መስቀል አለ።

አያ ፈንታ አንገታቸውን ዳበሱ፤ ማተባቸው አለ። ካፒቴን ሰላም ዳበሰች፤ የእሷም አለ። ጋሽ ታደለ አልዳበሱም። መስቀሉን በአውራ ጣታቸው ጠረጉና የመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"የጥምቀት ዕለት ውኃ ውስጥ የጠፋብኝ መስሎኝ ነበር" አሉ። "ሌላ አሰርኩ።"

"የዘንድሮ ጥምቀት?"

"የአምናው።"

ካፒቴን ሰላም በጣቶቿ መቁጠር ጀመረችና ተወችው። "ከያኔ ጀምሮ ስንቴ አብረን በረርን?" አለች። "ሽቦ ነው እያልኩ ስንት ጊዜ አይቼ አለፍኩት" ብቻ አሉ ጋሽ ታደለ።

የእኔስ? "ቱታህን አውልቀህ አራግፍ" አለችኝ ካፒቴን ሰላም፤ ፊቷንም ወደ ሌላ አዞረችልኝ። ሳወልቅ፣ ማተቤ ቋጠሮው ተፈትቶ፣ በሆዴ ተንሸራቶ፣ ካልሲዬ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል።

"የአውሮፕላን ሆድ ሲበረብር የገዛ ካልሲውን ረሳ!" አያ ፈንታ እስኪበቃቸው ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። አስቡት እስቲ፤ ቱታዬን አስቀድሜ አራግፌ ቢሆን ኖሮ እፎይ ብዬ፣ እጄን አወዛውዤ እሸኛቸው ነበር። ይህ ሐሳብ በመጣብኝ ቁጥር በጠራራ ፀሐይ ይበርደኛል።

ከዚያ ቀን ወዲህም ማተቡን የፈታ ማንም የለም፤ ማን ይፈታል? ግን ኮፈኑ ከመዘጋቱ በፊት ሞተሩን ከብበን፣ ዝም ብለን፣ እያንዳንዳችን እጃችንን አንገታችን ላይ እናደርጋለን። ከሩቅ ያየን ሰው ይጸልያሉ ይላል። እኛ ማተባችንን እየቆጠርን ነው። ጸሎቱን የምጀምረው ሞተሩ ሲነሣ ነው።