ሐጃዬን በገዛ አፌ

አገራችን ሰውን «ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ብላ የምትጠይቀው በዕድሜው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱንም በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ ብጉሩን በሚያፈርጥበትና ስለ ራሱ ምንም በማያውቅበት ጊዜ። ቅጽ ይሰጠዋል፣ ምርጫውን አንድ ሁለት እያለ ይደረድራል፣ ምደባው ሲመጣ የጠየቀውና የደረሰው ፈጽሞ አይተዋወቁም። ከዚያ ወዲያ ጠያቂ የለም። ሠላሳን ከተሻገራችሁ በኋላ ይህን ጥያቄ ራሳችሁ ለራሳችሁ ካነሳችሁማ ሰው ግንባራችሁን ዳብሶ ትኩሳት ይፈልግባችኋል።

የእኔ አንደኛ ምርጫ ሕክምና ነበር። ለጥቂት አመለጠኝና ባዮሎጂ ደረሰኝ። እያለቀስኩ ጀመርኩት፣ እየወደድኩት ጨረስኩት፣ ከዚያ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ከሚሴ ተመልሼ አሥር ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ እንቁራሪት እየሣልኩ አስተማርኩ። ክፉ ኑሮ ነው ብዬ አላማም። ሰው ያከብረኛል፤ ባለባጃጁ ሁሉ «ቲቸር» እያለ ሳልጠራው ይቆምልኛል። ታዲያ አንድ ቀን ቶንሲል ይዞኝ ሆስፒታል ብሄድ፣ ነጭ ጋውን የለበሰው ሐኪም ቀና ሲል አሥራ አንደኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ሆኖ አረፈው። «ቲቸር፣ እስቲ አፍዎን ይክፈቱልኝ» አለኝ በትሕትና። ዓመቱን ሙሉ «አፍህን ዝጋ» ስለው የከረምኩት ልጅ! ከፈትኩለት፤ ምን አደርጋለሁ? መድኃኒቴን ይዤ ስወጣ ግን ቀናሁበት። ከእናንተ ምን እደብቃለሁ፣ አንጀቴ እስኪቃጠል ቀናሁ።

በዚያው ሰሞን አንድ ዩኒቨርሲቲ በሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን አወዳድሮ ሕክምና እንደሚያስተምር ማስታወቂያ አወጣ። ፈተና አለ፣ ቃለ መጠይቅ አለ፣ ለምዝገባ ደግሞ ዋናውን ዲግሪ ይዞ መቅረብ ግድ ነው፤ ኮፒ አይቀበሉም። ዋናው ዲግሪዬ የት ነው? እናቴ ሳጥን ውስጥ። የሳጥኑ ቁልፍስ? እናቴ ሻሽ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ።

«ያ ዘሃራ፣ አብደሻል እንዴ?» አለችኝ። «ሰው የመንግሥት ሥራውን ጥሎ እንደገና ደብተር ይገዛል?» ብለምናትም፣ ባኮርፋትም ቁልፉ ከሻሹ አልወርድ አለ። በመጨረሻ «አንቺ ዶክተር እስክትሆኚ እኔን የት ታገኚኛለሽ?» ስትል ዓይኗ እንባ አቀረረ። አባቴ ከሞተ ወዲህ በቤቱ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ይህቺ ነገሯ እውነት ስለሆነች ወጋችኝ፤ ብትወጋኝም ግን ሐሳቤን አልተውኩም።

ሰፈሩ ወዲያው ምርመራውን ጀመረ። ሕክምና ሳይማር ሐኪም የሆነ ሰው የበዛበት እንደ እኛ ሰፈር አይገኝም። አንዷ «ዓይን ነው» አለች። ሌላዋ «ጂን ነው፣ በጊዜ ይነበብባት» አለች። የትምህርት ቤቴ ርዕሰ መምህር፣ የተማረ ሰው ነውና፣ «ድካም ነው፣ ትንሽ እረፍት ውሰጂ» አለኝ። ፍላጎት ነው ያለ አንድ ሰው አልተገኘም።

እናቴም መድኃኒቱን ቆረጠች፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ወዳጃ ይቀመጥና ዱዓ ይደረግልኝ፣ ባቲ ላለ አንድ ሚስት ፈላጊ ነጋዴም ልዳር። ምዝገባው ሰኞ ሊዘጋ፣ ሐሙስ ከዙህር በኋላ ጎረቤቱ ቤታችንን ሞላው። ጫቱ ቀረበ፣ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ እኛ ሴቶቹ በበሩ በኩል ተቀመጥን። ዱዓውን እንዲመሩ ከጨፋ ሮቢት የመጡት ሼህ ይማም ሸምግለው ጆሯቸው ቢደክምም ድምፃቸው ግን ግድግዳ ያነቃንቃል። እናቴ ግብዣውን ስታሳምር፣ ለሼሁ ሐጃውን፣ የሚለመነውን ጉዳይ፣ አስቀድሞ ሹክ ማለቱን ረሳችው።

«እህ፣ ሐጃው የማን ነው?» አሉ ሼሁ።

«የልጄ ነው ሼኽዬ፣ እንግዲህ እሷ—»

«አለች አይደለም እንዴ? ሐጃ በባለቤቱ አፍ ነው። ያ ኢንተላ፣ ማል ባርባዳ? ምን ትፈልጊያለሽ? ንገሪን፣ እኛ አሚን እንላለን።»

ልብ በሉልኝ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እኒህ ሽማግሌ ናቸው። የእናቴ ዓይን «የባቲውን፣ የባቲውን» ይለኛል። እጄን ዘረጋሁና ጮክ ብዬ «ሐኪም ለመሆን ልማር ነው። አላህ ፈተናውን እንዲያሳልፈኝ፣ እናቴም ዲግሪዬን ከሳጥኗ አውጥታ መርቃ እንድትሸኘኝ!» አልኩ።

«አሚን!» አለ ቤቱ በሙሉ።

ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው የእናቴ ድምፅ ነበር። በእኛ ዘንድ አሚን ጆሮን አይጠብቅም፤ እጅ ከተዘረጋ አፍ በራሱ ይሄዳል። ሼሁ ቀጠሉ፤ «ያ ረቢ፣ እጇን መድኃኒት አድርገው!» አሚን። «እናቷን ዕድሜ ሰጥተህ አሳያት!» አሚን። ሦስተኛው ላይ ምን እንደተለመነ ለእናቴ ገባት፤ ነገር ግን በዱዓ መሐል እጁን የሚያጥፍ ማን አለ? እንደዘረጋች በጣቶቿ መሐል አፈጠጠችብኝ። እኔም አፈጠጥኩ።

እስከ እሑድ አላናገረችኝም። እሑድ ቀትር ላይ የሻሿን ጫፍ ፈታች፣ ቁልፉን ጭኔ ላይ ጣለችው። «ለሰው ያልኩትን ማጠፍ እችል ነበር» አለች፤ «አሚን ብዬ ግን ወዴት እመለሳለሁ? በይ ሂጂ። ወድቀሽ እንዳትመጪብኝ ብቻ!» አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። ቁልፉን ግን አልለቀቅሁም።

ፈተናውን አለፍኩ። ቃለ መጠይቁ ላይ አንዱ መምህር መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «ለምን ዘገየሽ?» አለኝ። «አልዘገየሁም፣ እናንተ ናችሁ በሩን ዘንድሮ የከፈታችሁት» አልኩት። ሳቀም አልሳቀም፣ ስሜ ያለፉት ዝርዝር ላይ ወጣ። አሁን በዩኒቨርሲቲው ዶርም የምኖረው ከአንዲት የቀድሞ ላቦራቶሪ ቴክኒሻንና ከአንዲት የሁለት ልጆች እናት ጋር ነው፤ ሦስታችንም ነጭ ጋውናችንን በየራሳችን እንተኩሳለን፣ ማንንም ይቅርታ አንጠይቅም።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ደወለች። ሼህ ይማምን ጠርታ ሌላ ወዳጃ ልታስቀምጥ ነው። የባቲው ሰውዬ እስካሁን አላገባም አሉ።

«መጥቼ ልቀመጥ እንዴ?» አልኳት።

«የለም፣ የለም! ወላሂ እንዳትመጪ! አንቺ ጥናትሽን አጥኚ፣ ሐጃሽን እኔው እናገርልሻለሁ።»

ይቀመጡ። አሚንም ይበሉ። እኔ ሰኞ የአናቶሚ ፈተና አለብኝ።