ሊቀ መፍቻ እና ያኮረፈው የቡና መፍጫ

በየቤተሰቡ አንድ የማይጠፋ ሰው አለ። እኛ ዕቃ ሲበላሽብን እናዝናለን፤ የእሱ ፊት ግን ይፈካል። ካውያው አልግል ሲል፣ ማራገቢያው ቀጥ ሲል፣ ሬዲዮው ድምፁ ሲጠፋ፣ ማንም ሳይጠራው እጅጌውን ሰብስቦ ከተፍ ይላል። ጥገና ቤት የሚባል ነገር ካነሳችሁበት እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። በእናንተም ቤት እንዳለ አውቃለሁ፤ ምናልባት ይህን በምታነቡበት ሰዓት የአንድ ነገር ክዳን እየፈታ ይሆናል።

የእኛ ቤቱ የእናቴ ወንድም ነው። ዕድሜውን ሙሉ ፖስታ ቤት ቴምብር ሲሸጥ ኖሮ ጡረታ ወጣ። የኤሌክትሪክ ትምህርቱን ያገኘው የተበላሹ ዕቃዎችን ይበልጥ በማበላሸት ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ድምፅ «ሊቀ መፍቻ» ብሎ ሾሞታል፤ እሱም ሹመቱን ያለ አንዳች ማቅማማት ተቀብሏል።

ክቡር ሊቀ መፍቻ ካበረከቱልን ጥቂቱን ልጥቀስ። የእናቴ ካውያ በእሳቸው እጅ ካለፈ ወዲህ የሚግለው ቀጥ ብሎ ሲቆም ብቻ ነው፤ ልብስ ላይ ሲያርፍ ይበርዳል። የእኔ ማራገቢያ ወደ ኋላ ስለሚዞር በሙቀት ቀን የሚቀዘቅዘው ግድግዳው ነው። የታላቅ እህቴ የበር ደወል እንግዳ ሲመጣ ዝም ይልና የፍሪጁ ሞተር ሲነሳ ይጮሃል። ብታማርሩ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ይሠራል አይሠራም?» ይሠራል። እንግዲህ ምን ይባላል?

ደግሞ ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ብሎን ትተርፋለች። ሁልጊዜ። አጎቴ አይደነግጥም። «ይቺ ፋብሪካው ለጥንቃቄ የጨመራት ናት» ይልና ወደ ብስኩት ቆርቆሮው ይወረውራታል። በዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ብሎን አንድ መኪና ሳይገጥም አይቀርም።

«ሞተ» የሚለውን ቃል ግን ለዕቃ ሲነገር መስማት አይወድም። «አልሞተም፤ አኩርፎ ነው» ይላል። ስለዚህ ከመክፈቱ በፊት ባለ ዕቃውን ቁጭ አድርጎ ይመረምራል። መቼ ጀመረው? ሲሞቅ ነው ሲበርድ? ምን ምን ይሸታል? «መጀመሪያ ፀባዩን እንወቅ» ነው የሚለው። በዚህ ምክንያት ሁላችንም የተበላሸ ዕቃ የምናወጣው በድብቅ ሆነ። የገዛ ሚስቱ እንኳ ማንቆርቆሪያዋን በገበያ ቦርሳ ሸሽጋ፣ ጎረቤት ልጠይቅ ብላ ጥገና ቤት ትሄድ ነበር።

ባለፈው ዓመት ታመመ። ከሆስፒታል ሲመለስ እግሩም ንግግሩም ደህና ነበር፤ ቀኝ እጁ ግን ይንቀጠቀጣል። የመፍቻ ሣጥኑንና ቆርቆሮውን በእግሩ ገፍቶ አልጋ ስር ከተታቸውና መስኮት ዳር ተቀመጠ። ዕቃዎቻችን እፎይ አሉ። እሱም ዝም አለ።

አንድ ቀን ሚስቱ ደወለችልኝ። ቴሌቪዥናቸው አልበራ ብሏል።

«ምን አለ መሰለሽ?» አለችኝ። «‘ጥሩ ባለሙያ ፈልጉ’ አለ።»

ሐኪሙ ከነገረን ሁሉ ይልቅ ያስፈራኝ ይህ ነበር።

በዚያው ሰሞን የእኔ የቡና መፍጫ መለገም ጀምሮ ነበር። ትንሽ ይፈጭና ቀጥ ይላል፤ ካረፈ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ይነሳል። ጥዬው አዲስ ልገዛ ነበር። ሐሳቤን ቀየርኩና እንደ ታማሚ ልጅ አቅፌው አጎቴ ቤት ሄድኩ።

ዞር ብሎም አላየኝ። መፍጫውን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ሰካሁትና ተጫንኩት። ጮኸ፣ ፈጨ፣ ቆመ። ደግሜ ተጫንኩት፤ ጭጭ።

«በቃ፣ ሞቷል። ልጥለው ነው» አልኩ፣ ሆን ብዬ ጮክ ብዬ።

መፍጫውን ላነሳው እጄን ዘረጋሁ።

«አልሞተም» አለ በመጨረሻ፣ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳያነሳ። «አኩርፎ ነው።»

ሚስቱ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። አፏን በእጇ ያዘችና ተመልሳ ገባች።

ምርመራው ጀመረ። ባዶውንም ይቆማል ወይ አለኝ። ባዶውን ሞከርኩት፤ ቆመ። እንግዲያው ጥፋቱ የቡናው አይደለም። ክዳኑ ሲገጠም የሚጫናት፣ ክዳኑ ከሌለ ሞተሩ እንዳይነሳ የምትጠብቅ ትንሽ ማብሪያ አለች፤ እሷን ጠረጠረ። ሶኬቱን አስነቀለኝ፤ የመፍቻ ሣጥኑን ከአልጋ ስር አስወጣኝና ኤሌክትሪክ ማለፉን በድምፅ በሚናገረው ቴስተር አስለካኝ። ጢጥ አለ፤ ማብሪያዋ ደህና ናት። ገመዱም ደህና ነው። በዚህ መሐል ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሲጎትት እንዳላየ ሆንኩ።

በአጎቴ ቤት ሕግ አለ። ዕቃ ሲከፈት የተነቀለው ሶኬት የሚቀመጠው ጠጋኙ ጭን ላይ ነው፤ ማንም ተሳስቶ እንዳይሰካው። እኔም ሕጉን አክብሬ ሶኬቱን ጭኔ ላይ አደረግኩ። አየኝ፤ ከዚያ አንስቶ የራሱ ጭን ላይ አስቀመጠው።

ውስጡ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ እስኪያልቅ አስጠበቀኝና ክፈቺው አለኝ። ውስጡ ያለውን የኤሌክትሪክ ሰሌዳ በማጉያ መስታወት ብዙ ሲያይ ቆይቶ ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈ። ከአንድ ትንሽ ዕቃ እግር ዙሪያ ብየዳው በቀጭኑ ተሰንጥቋል። ሲሞቅ ይለያያሉ፣ ሲበርድ ይታረቃሉ ብሎ አስረዳኝ። «እንደ እኔና እንደ እሷ» አለና በአገጩ ወደ ማድ ቤት አመለከተ። ከማድ ቤት «ሰምቻለሁ» የሚል መልስ መጣ።

መበየጃው ሲግል በቀኝ እጁ አነሳው። ጫፉ ይርገፈገፍ ጀመር። በግራ እጁ ደገፈው፤ ያው ነው። መልሶ አስቀመጠውና እጁን ያየው ጀመር። ተነስቶ ወደ መስኮቱ የሚመለስ መሰለኝ። ይህን መፍጫ ባላመጣሁት አልኩ በልቤ።

«ነይ» አለ። «እጁ ያንቺ ይሁን። ዓይኑ የእኔ ነው።»

አንገቱን በትከሻዬ ላይ አስግጎ ቀስ እያለ ይመራኝ ጀመር። እግሩንም ሰሌዳውንም እኩል አሙቂ፣ አሁን የብየዳ እርሳሱን አስነኪው፣ አትቸኩይ፣ በቃ አንሺ። የበየድኩት ነገር ኪንታሮት ይመስላል።

«አስቀያሚ ነው» አለ። «ግን ይይዛል።»

ገጥመን ሰካነው። ፈጨ። አልቆመም። በቤቱ ያለውን ቡና ሁሉ ፈጨን፤ የተፈጨውን ደግሞ መልሰን ፈጨን። ሚስቱ መጥታ ጠረጴዛዬን አቆሸሻችሁት ብላ ተቆጣችን፤ ዓይኖቿ ግን ቀልተው ነበር።

መፍጫውን ሳነሳ ከስሩ አንዲት ብሎን ተገኘች። ሁለታችንም አየናት።

«ይቺ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ፋብሪካው ለጥንቃቄ የጨመራት ናት።»

ቆርቆሮውን ራሱ ጎንበስ ብሎ ከአልጋ ስር አወጣው።

ከዚያ ወዲህ መፍጫዬ በሠራ ቁጥር ይንቀጫቀጫል። ብሎን የትም ይገኛል፤ ግን አልገዛሁም። ይህን ሰውዬ ከነጥገናው እወደዋለሁ፤ መንቀጫቀጡን ስሰማ ደህና እንደሆነ ይሰማኛል።

መፍጫውን በጠገንን ማግስት ሚስቱ ደወለች። ቴሌቪዥኑ ተበታትኖ ሳሎኑን ሞልቶታል፣ መርገጫ የለም፣ ሶኬቱ ጭኑ ላይ ነው፣ እሷን ካቻቢቴ አስይዞ አንበርክኳታል። ይህን ሁሉ የምታማርረው ሳቋ እያመለጣት ነው።

«ኧረ ጥሩ ባለሙያ እንጥራ ብለው» አለችኝ፣ «‘እኔ ምን ሆኜ?’ አለኝ።»