ኮት የተዋሰው ምስክር

[ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከፍርድ ቤት ማዶ ያለች ሻይ ቤት፣ ረፋድ ላይ። አባይነህ ማኑሄ በወጣትነቱ ሕግ በማታ ጀምሮ ያቋረጠ፣ ከዚያ ወዲህ ግን የሀይሌ ጋርመንት ሰፈርን ነጋዴ ሁሉ ሲመክር የኖረ ሰው ነው። ሕግን እስከ ወገቡ የተማረ ሰው፣ ጨርሶ ካልተማረው ይልቅ ለፍትሕ ያስቸግራል። ዛሬ “የሟች አባቴ ብቸኛ ወራሽ እኔ ነኝ” ብሎ ያመለከተበት ጉዳይ ይታያል። ምስክሩ የሰፈሩ እድር ጥሩንባ ነፊ ሁንዴሳ ነው። አባይነህ የመረጠው፣ ከሀና ማርያም ሰው ሁሉ ሞኙ እሱ ነው ብሎ ነው።]

ሁንዴሳ፦ ብብቴን ያዘኝ እኮ፣ ጋሽ አባይነህ።

አባይነህ፦ ኮት ነው፣ ይይዛል! ጋቢ መሰለህ?

ሁንዴሳ፦ እጄን ሳነሳ ቢተረተርስ?

አባይነህ፦ እጅህን ለምን ታነሳለህ?

ሁንዴሳ፦ ለመሐላው።

አባይነህ፦ እንግዲያ በቀስታ አንሳ! ያለ ኮት የገባ ምስክር እውነት ቢናገር እንኳ ማን ያምነዋል?

ሁንዴሳ፦ ትናንት እኮ...

አባይነህ፦ ትናንትን ተወው፣ ዛሬን ስማ። እንለማመድ፤ ዳኛው እኔ ነኝ። [ጉሮሮውን ጠርጎ ድምፁን አወፈረ። ዳኝነት ከወፍራም ድምፅ የሚጀምር ይመስለዋል።] ሟች አቶ ማኑሄን ታውቃቸዋለህ?

ሁንዴሳ፦ አሳምሬ! ድንኳናቸውን የተከልኩት እኔ ነኝ። ዝናቡ ደግሞ! እርስዎ እንኳ የደረሱት ድንኳኑ ሊነሳ ሲል...

አባይነህ፦ አቁም! ያልተጠየቅኸውን አትመልስ። ምስክርን የሚያጠፋው ውሸት አይደለም፣ ትርፍ ቃል ነው። ድገመው።

ሁንዴሳ፦ ያልተጠየቅሁትን አልመልስም።

አባይነህ፦ ሟች ስንት ልጅ አላቸው?

ሁንዴሳ፦ ሁለት።

አባይነህ፦ አንድ!

ሁንዴሳ፦ [ደንግጦ ተነሳ] እህትዎ እትዬ ማሚቴ መቼ ሞተች? ጥሩንባውንስ ማን ነፋ?

አባይነህ፦ ማንም አልሞተም፣ ተቀመጥ!

ሁንዴሳ፦ ተመስገን። ጠዋት ሳልፍማ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ነበር።

አባይነህ፦ ትርገጥ። በቅርቡ መኪናዋን ተሸክማ ከአባቴ ቤት ትወጣለች። እኔ ፋርማሲ የማስገባበትን በረንዳ ይዛ የሰው ዚፕ ትቀይራለች!

ሁንዴሳ፦ አባባን ግን አጥባ፣ አጉርሳ፣ ገልብጣ...

አባይነህ፦ ማስታመም አያወርስም! [አነጋገሩ ለራሱ ጣመው። እህቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ከቤት አስወጥቶ ሻዩን ፉት አለ።] “ማሚቴ የምትባል ታውቃለህ?” ብትባልስ?

ሁንዴሳ፦ የአባባ ማኑሄ ልጅ ናት።

አባይነህ፦ አንተ ደንቆሮ! ልብስ ሰፊ ናት በል። አባቷን አላውቃቸውም በል።

ሁንዴሳ፦ ልብስ ሰፊ ናት። አባቷን አላውቃቸውም።

አባይነህ፦ እሰይ! ለካ ጭንቅላት አለህ።

ሁንዴሳ፦ አባቷን ካላወቅኋቸው ግን... እርስዎን የማን ልጅ ነው ልበል?

[አባይነህ ሻዩን አማሰለ፤ ስኳሩ ግን ድሮ ሟሙቷል።]

አባይነህ፦ እኔን ወለዱኝ። እሷን... አሳደጓት።

ሁንዴሳ፦ እኔ ያን ለታ ጎህ ሳይቀድ የለፈፍኩት “የማሚቴና የአባይነህ አባት አርፈዋል” ብዬ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

አባይነህ፦ ስሜን ከኋላ አስገባኸው?

ሁንዴሳ፦ መጀመሪያማ ጭራሽ ረስቼው ነበር። እሷ ናት እያለቀሰች ያረመችኝ።

[አባይነህ ይህችን ነገር እንደ ትንኝ በእጁ አባረራት።]

አባይነህ፦ ዳኛ ፊት ጥሩንባ አይሠራም። እዚያ ቀድሞ ያስወሰነ ነው ጌታ። ውሳኔው እጄ ከገባ ሰፈሩ በሙሉ ቢጮህ የውሻ ጩኸት ነው።

ሁንዴሳ፦ ቀድሞ ያስወሰነ?

አባይነህ፦ ቀድሞ ያስወሰነ!

ሁንዴሳ፦ ከዚያ በኋላ ያው ምስክር ሌላ ቃል ይዞ ቢመጣስ?

አባይነህ፦ በሐሰት ምስክርነት እስር ቤት ይገባል።

ሁንዴሳ፦ ምስክሩ ብቻ?

አባይነህ፦ ያስጠናውም ጭምር። ምን አስጨነቀህ? እንዲህ ያለ ጅል ምስክር ከየት ይመጣል?

[ሁንዴሳ ኮቱን አወለቀ። እንደ እድር ሸራ ጥግ ከጥግ አገናኝቶ አጠፈና አባይነህ ጉልበት ላይ አስቀመጠው።]

ሁንዴሳ፦ እንግዲያ ይኸው። ትናንትም ያለ ኮት ነው የመሰከርኩት።

አባይነህ፦ የት ነው የመሰከርከው?

ሁንዴሳ፦ [በአገጩ ማዶ እያሳየ] እዚያው። እትዬ ማሚቴ ጠርታኝ። ዳኛዋ “ሟች ስንት ልጅ አላቸው?” አሉኝ፤ ሁለት አልኩ። ወዲያው ወሰኑ።

አባይነህ፦ ይህን ሁሉ ሰዓት ሳስጠናህ ለምን አልነገርከኝም?

ሁንዴሳ፦ አልጠየቁኝማ።

አባይነህ፦ ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?

ሁንዴሳ፦ እርስዎም የእሷን ስም እንዳልረሳ ሊያስጠኑኝ መስሎኝ።

አባይነህ፦ [ጠረጴዛውን መታ] ያቺ እባብ! ከጀርባዬ ዞራ ልትነቅለኝ!

ሁንዴሳ፦ ኧረ ሁለት አልኩ እኮ! አንደኛው እርስዎ ነዎት። ግማሹ ቤት የእርስዎ ነው ተብሎ ተወስኗል። እሷም ደጃፉ ድረስ ስታስጠናኝ ነው የመጣችው፤ ግን የእሷ አጭር ናት።

አባይነህ፦ ምን አለችህ?

ሁንዴሳ፦ “የወንድሜን ስም እንደ ለቅሶው ቀን ደግሞ እንዳትረሳ።”

[አባይነህ የታጠፈውን ኮት አቅፎ ቀረ። ሲመጣ የቤቱ ግማሽ በእጁ ነበር፤ አላወቀም። ሙሉውን ሊወስድ ያዘጋጀው ምስክር አሁን የራሱ ወንጀል ምስክር ሆኖ ፊቱ ተቀምጦ ዳቦውን በሻይ ይነክራል። ከማዶ፣ ከችሎቱ በር ላይ፣ አንድ ድምፅ “አባይነህ ማኑሄ!” ብሎ ተጣራ። ደገመ።]

ሁንዴሳ፦ ጋሽ አባይነህ፣ አሁንማ ተጠየቁ። አይመልሱም?