ሐጂ የተረጎሙት ሮክ

እንግሊዝኛ ሳይችል የእንግሊዝኛ ዘፈን የሚተረጉም ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? በካሴቱ ዘመን እኛ ቡታጅራ ውስጥ ሞልተን ነበር።

ሸምሱ ብየዳ ቤት የሚከፈተው ሮክ ራሱ ብረት ይቀጠቅጣል፤ የቱ የዘፈኑ፣ የቱ የሸምሱ መዶሻ እንደሆነ አይለይም ነበር። ከግጥሙ የምናውቀው «ጎድ»፣ ማለትም ፈጣሪ፣ የምትለዋን ቃል ብቻ ነው፤ ለትርጉም ግን በቃችን።

አንድ ቀን ሸምሱ አንዱን ዘፈን «ዱዓ ነው» አለ። ጓደኛችን ወልዴ «ክህደት ነው፣ አጥፋው!» ብሎ አማተበ። ተጋግለው ሊጣሉ ሲሉ፣ በር ሊያሠሩ የመጡት ሐጂ ከድር ዝም አሰኟቸውና ዘፈኑን እስከ መጨረሻው አዳመጡት።

«ልጆቼ፣ ሰውዬው አኩርፏል እንጂ አልካደም። ፈጣሪ የለም ያለ ሰው ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ማንን ይጣራል?»

ካሴቱን ወደ ኋላ አጠንጥኖ የደገመው ወልዴ ራሱ ነው።

በቀደም ግጥሙን ከነትርጉሙ ስልኬ ላይ አገኘሁት፤ ሐጂ ያሉት የለበትም። ምን ይደረግ፣ ስልኬ ተሳስቷል።